የጭራቁ አድራሻ

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ከመጀመሪያዎቹ የፊልም ማሳያ ቤቶች አንዱ በሕዝቡ አንደበት «ሰይጣን ቤት» ተባለ። በግድግዳ ላይ የሚራመድ፣ የሚስቅ፣ ዛሬ ሞቶ ነገ በዚያው ሰዓት ተነሥቶ እንደገና የሚሞት ሰው ያለ ክፉ መንፈስ እጅ ሊኖር ይችላል ብሎ ማመን የሚከብድበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ይህ ስም በተነሣ ቁጥር የተማረው ወገን ፈገግ ይላል። ፈገግታው ግን ያለ ጊዜው የመጣ ነው፤ ስሙ ከቤቱ ደጃፍ ቢነሣም አስተሳሰቡ ከባህል ጉባኤዎች፣ ከመምህራን ማረፊያ ክፍልና ከተውኔት ገምጋሚዎች ጠረጴዛ ገና አልተነሣምና። ስለ አስፈሪ ፊልም፣ ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ስለ ጭራቅ ፊልም ጥያቄ ሲቀርብ የሚሰማው ፍርድ አንድና ያው ነው። «የባዕድ ቅዠት ነው፤ ወጣቱን ያስደነግጣል እንጂ አያስተምረውም፤ ለቁም ነገር የሚውለውን ጊዜ ይበላል» ይባላል።

ይህ ፍርድ የቆመው በሦስት እግሮች ላይ ነው። አንደኛው፣ ጭራቅ የባዕድ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ጭራቅን ማሳየት አጉል እምነትን ማንገሥ ነው የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ እንዲህ ያለው ፊልም የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ሦስቱም እግሮች ክብደት አላቸው፤ በፌዝ የሚታለፉ አይደሉም። ሲመረመሩ ግን ሦስቱም አይቆሙም።

ከመጀመሪያው ለመነሣት፣ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያ መጽሐፍ ከሰማይ የወረዱ መላእክት ከሰው ሴቶች ልጆች ግዙፋንን ይወልዳሉ። ግዙፋኑም አስቀድመው የሰውን የድካም ፍሬ ይበላሉ፤ እሱ ሲያልቅባቸው ወደ ራሱ ወደ ሰው ይዞራሉ። ከነዚያው ከወረዱት አንዱ ለሰው ልጅ ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ያስተምራል። ዕውቀት ከኀላፊነት ሲለይ ጥፋት እንደሚወልድ የሚያስጠነቅቀው ይህ ትረካ፣ ከብዙ ምዕተ ዓመታት በኋላ ምዕራቡ ዓለም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብሎ ከሰየመው ዘርፍ በሐሳብ የሚርቀው በጥቂቱ ነው።

የበላዔ ሰብእም ታሪክ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። የቅምሩ ሰው ሰባ ስምንት ነፍስ በልቷል፤ ቤተሰቡንም አልማረም። በመጨረሻ አንድ ለምጻም በድንግል ማርያም ስም ውኃ ቢለምነው አንድ እፍኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀንም ያቺ እፍኝ ውኃ ከሰባ ስምንቱ ነፍስ ጋር በሚዛን ላይ ወጣች። በዓለም ሲኒማ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ጭራቅ ቢፈለግ ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ የሚያነሣ ጭራቅ ግን በቀላሉ አይገኝም። ይህን ያህል የበደለ ፍጡር በእርሱ ውስጥ የቀረ ሰው አለን? ጥያቄው ይህ ነው፤ ኢትዮጵያዊው አድማጭም ይህን ጥያቄ ሲኒማ ከመፈጠሩ በፊት በአውደ ምሕረት ቆሞ ሲሰማ ኖሯል።

ሠዓሊውም ከደራሲው ወደ ኋላ አልቀረም። በአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኖቹ ይሳላል። ሰይጣን፣ አሳዳጅና ከሐዲ ግን በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ክፉው ተመልካቹን ፊት ለፊት እንዳያይ የተደነገገበት ይህ ሥርዓት አስፈሪን ነገር የማሳያ ሰዋስው ነው። የአክሱም ንጉሥ እንደ ነበር የሚተረከው ዘንዶው አርዌ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ሥር የሚንፈራገጠው ደራጎን፣ በአማርኛ ተረት ሕፃናትን የሚያሳድደው ጭራቅ፣ በኦሮሞ ተረት ሰው የሚበላው ቡልጉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ቪዛ ጠይቀው የገቡ አይደሉም።

በምዕራብ ሸዋ ምድር የቆመ ሰው ደግሞ ይህን ለማስተባበል የበለጠ ይቸገራል። ከጊንጪ ከተማ አቅራቢያ፣ የአዋሽ ወንዝ ከሚነሣበት አካባቢ፣ የጭልሞ ደን አለ። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ተመንጥሮ ካላለቀው የተፈጥሮ ደን የተረፈ ቅሬታ ነው፤ ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው ገና ቆመዋል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲኬድ አምቦ ፍል ውኃዋን ይዛ ትገኛለች። ከአምቦ በስተ ደቡብ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የወንጪ ሐይቅ ተኝቷል። የዓለም ፊልም ሠሪዎች በካርቶንና በቀለም ሊሠሩት የሚደክሙለትን መልክዐ ምድር ይህ አውራጃ ተፈጥሮ ያለ ዋጋ ሰጥቶታል።

ከዚሁ ምድር፣ ከአምቦ አጠገብ ካለችው ቦዳ፣ በ1928 ዓ.ም. ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተወለደ። ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ተውኔት የጻፈው ይህ ሰው፣ ኋላ የሐምሌትን አባት መንፈስና የማክቤዝን ጠንቋዮች በአማርኛ ያናገረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ ባሳተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ተውኔትም የሞቱ አባቶች መንፈስ በሕያዋን ዕጣ ላይ ፍርድ ይሰጣል። ጸጋዬ መንፈስን ወደ መድረክ ሲያወጣ «ወጣቱን አስደነገጠ» ያለው የለም፤ ታላቅ ጥበብ ነው ተባለ፤ ነውም። እንግዲያው መንፈሱ ከእንግሊዛዊ ባለቅኔ ሲመጣ ጥበብ፣ ከጭልሞ ጫካ ሲመጣ ቅዠት የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? የንቀቱ ምንጭ ጭራቁ አይደለም፤ ጭራቁ የተወለደበት ቤት ነው።

ጭራቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ቢኖር ደግሞ፣ ከዓለም ፊልሞች መካከል ሁለቱን ብቻ ማየት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1818 ሜሪ ሼሊ የጻፈችው «ፍራንከንስታይን» በ1931 በጄምስ ዌል አዘጋጅነት በፊልም ተሠራ። ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተው ፍጡር ከሬሳ ተሰፍቶ የተሠራ ነው፤ ፈጣሪው ግን ከሠራው በኋላ አልወደደውም፤ አላስተማረውም። የመንደሩ ሰው ችቦ ይዞ ሲያሳድደው ተመልካቹ የሚፈራው ፍጡሩን ነው ወይስ ችቦውን? ፊልሙ ከተሠራ ዘጠና ዓመት ካለፈ በኋላም ጥያቄው አላረጀም።

ሁለተኛው ከጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ነደዱ። በ1954 መጋቢት መባቻ ላይ ደግሞ አሜሪካ በቢኪኒ ደሴት ያደረገችው የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ አመድ በአንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ዘነበ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ኢሺሮ ሆንዳ «ጎጂራ»ን አወጣ፤ ዓለም ጎድዚላ ብሎ የሚያውቀውን። በቦምብ ሙከራ ከባሕር ወለል የተቀሰቀሰው ጥንታዊ አውሬ ቶኪዮን ረግጦ ያነድዳል። በመጨረሻ አንድ ሳይንቲስት አውሬውን የሚገድል ከአውሬው የከፋ መሣሪያ ይሠራል፤ የጻፈውንም ያቃጥላል፤ ምሥጢሩ በባለሥልጣን እጅ እንዳይገባ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሞታል። የጃፓን ሕዝብ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መከራውን መልክ ሰጠው፤ ድምፅም ሰጠው። የጃፓን ሕፃን ስለ ሂሮሺማ በመማሪያ መጽሐፍ ከማንበቡ በፊት ጎጂራን በሕልሙ አይቷል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ግን የሚገኘው ዝምታ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ ዳርቻ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ከፋሽስት አውሮፕላን በርሜሎች ወረዱ። በውስጣቸው የነበረው ፈሳሽ የነካውን ሥጋ አቃጠለ፤ ዓይን አጠፋ፤ ሳንባ በጠሰ። ኋላ ደግሞ መርዙ እንደ ካፊያ ከአውሮፕላን ይረጭ ጀመር፤ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ገበሬውን፣ ከብቱን፣ ምንጩንና ግጦሹን አዳረሰ። ጣልያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1925 ፈርማ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ይህንኑ በጄኔቫ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አመለከቱ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ሸዋ በዘረት ዋሻ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናትን ጨምሮ የተጠለለው ሕዝብ በጋዝ ታፈነ። የጣልያን መንግሥት በጦርነቱ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ።

ከሰማይ የሚዘንብ፣ የማይታይ፣ ምንጩን የሚመርዝ፣ ዋሻ ድረስ ተከትሎ የሚገባ ሞት! ከዚህ የበለጠ የጭራቅ ፊልም መነሻ የትኛው አገር አለው? ጅባትና ሜጫም አርበኞቹን ያሰማራ አውራጃ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ጠላት አውሮፕላን ሲያወሩ ልጆች ያደጉበት ነው። ነገር ግን ያን መርዝ መልክና ድምፅ ሰጥቶ በየከተማው ሕፃን ሕልም ውስጥ ያስገባ አንድ የታወቀ ፊልም መጥቀስ ይከብዳል። በመታሰቢያ ቀን ንግግር ይደረጋል፤ አበባ ይቀመጣል፤ ተማሪው በሰልፍ ይቆምና ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ1928 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ወደ ዘጠና ዓመት ይጠጋል። ያን ዝናብ በዓይኑ ያየው ትውልድ ፈጽሞ ሊያልቅ ነው። ታሪክ ሐውልት ብቻ ሲሆን ይከበራል እንጂ አይፈራም፤ የማይፈራ ነገር ደግሞ ሊደገም ይችላል። የአስፈሪ ፊልም ትልቁ አገልግሎት ይህ ነው፤ ሊፈራ የሚገባውን በትክክል ማስፈራት።

ሁለተኛው እግር ከሁሉም የጠነከረ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። «አጉል እምነትን ለመንቀል በምንደክምበት አገር ጭራቅ ማሳየት የተነቀለውን መልሶ መትከል ነው» የሚሉ መምህራንና ካድሬዎች ነገሩን ከባዶ አላመጡትም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ የኖሩበት ታሪክ አለ። ማረሻውን የሠራለት እጅ ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል ብሎ ገበሬው አምኗል፤ አግላይነቱም ከጋብቻ እስከ ቀብር ደርሷል። የ19ኛው ምዕተ ዓመት የባዕድ ተጓዦች ይህንኑ ወሬ እንደ ጉድ ጽፈውታል። ዐፄ ምኒልክም ባለ እጅን መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በዚህ ምድር ላይ አንድ ፊልም ሠሪ ተነሥቶ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ጅቡ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ፊት ሲለወጥ ቢያሳይ፣ የሠራው ጥበብ አይደለም፤ በአንዲት ጎረቤት ቤት ላይ ችቦ ለኩሶ ነው የሄደው።

ይሁን እንጂ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጭራቅን ማባረር አይደለም። አጉል እምነት ማለት ፍርሃት አድራሻ ሲያገኝ ነው፤ ይኸውም የደካማው ጎረቤት ደጃፍ ሲሆን። ጥበብ ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ አድራሻውን ግን ይለውጠዋል። ሸክላ ሠሪዋን በጨለማ የሚከታተላት ካሜራ ራሱ ማን እንደሆነ ተመልካቹ ቀስ በቀስ ቢገባው፣ የሚጮኸው ጅብ ሳይሆን በሩን የሚደበድበው ጎረቤት እንደሆነ ቢታይ፣ ከመቶ የቅስቀሳ ንግግር የበለጠ ሥራ ይሠራል። ስብከት ለአእምሮ ይናገራል፤ የቡዳ ፍርሃት ግን የሚኖረው በጀርባ አጥንት ውስጥ ነው፤ እዚያ መድረስ የሚችለው ደግሞ ራሱ የሚያስፈራ ጥበብ ብቻ ነው። ጭራቅን የሚከለክል መምህር ተረቱን አላጠፋውም፤ ከብርሃን ወደ ጓዳ መልሶ አስገባው እንጂ።

በዚህ ረገድ የውጭዎቹ ጥንታውያን ፊልሞችም ያለ ምርመራ የሚወረሱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1922 ሙርናው በጀርመን የሠራው «ኖስፌራቱ» በጥላ አጠቃቀሙ እስከ ዛሬ አስተማሪ ነው፤ ነገር ግን ከምሥራቅ በመርከብ አይጥና ወረርሽኝ ይዞ የሚመጣው ያ መንቁረ አፍንጫ ባዕድ በዘመኑ ይሁዲዎችን ለማዋረድ ይሳል ከነበረው ሥዕል ጋር እንደሚመሳሰል ብዙ ሐያስያን አመልክተዋል። በ1941 በወጣው «ዎልፍ ማን» የተኩላነት እርግማን የሚመጣው ከዘላን ጂፕሲ ነው። በ1933 በወጣው «ኪንግ ኮንግ» የደሴቲቱ ጥቁር ሕዝብ የሚታየው ልጃገረድ ለአውሬ የሚያቀርብ አራዊት መሰል መንጋ ሆኖ ነው። እነርሱም የፍርሃታቸውን አድራሻ ብዙ ጊዜ በተገለለው ቤት ላይ ጽፈዋል። ስለዚህ እንዲሁ የሚቀዳ ሰው የሚቀዳው ጥርሱንና ካባውን ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ጥላቻም አብሮ ይሸከማል።

እዚህ ላይ ለቀጂዎቹም አንድ ቃል ይገባቸዋል። ከትራንሲልቫንያ ግንብ የሚወርደው ድራኩላ የራሱ ታሪክ አለው፤ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ሲጽፈው የእንግሊዝ ሰው በለንደን መሃል ቤት የሚገዛ ባዕድ መኳንንት ያስፈራው ነበር። የአምቦ ሰው ይህ ፍርሃት የለበትም። ረጅም ጥርስ ተክሎ ጥቁር ካባ ደርቦ በአምቦ መንገድ የሚወጣ ተዋናይ፣ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደተባለው ነው። አያስፈራም፤ ያስቃል። ተመልካቹ ሲስቅ ደግሞ «እንዲህ ያለው ዘርፍ ለኛ አይሆንም» የሚሉት ወገኖች ማስረጃ አገኘን ይላሉ። ቀጂውና ከልካዩ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ይመግባል።

የተለየ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ክራምብስ» የተባለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም በኢትዮጵያ ምድር፣ በአማርኛ፣ በዳንኤል ታደሰና በሰላም ተስፋዬ ተዋናይነት ወጣ። ዓለም ካለቀች በኋላ የቀሩ ጥቂት ሰዎች የጠፋውን ሥልጣኔ የፕላስቲክ መጫወቻና ኮተት እንደ ንዋየ ቅድሳት ይዘው ይኖራሉ፤ በሰማይ ላይ ደግሞ አንድ የዛገ መንኮራኩር ተንጠልጥሏል። ከውጭ በመጣ ትርፍራፊ ላይ ዋጋ ስለ መለጠፍ የሚናገረው ይህ ፊልም በዓለም የፊልም በዓላት ታየ፤ የኢትዮጵያ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተብሎም ተጻፈለት። አዘጋጁ ግን እስፓኛዊው ሚጌል ያንሶ ነው። የውጭ ሰው በቅን ዓይን አይቶ መሥራቱ አያስወቅሰውም፤ የሚያስወቅሰው፣ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚለው ተረት ያለበት ሕዝብ የራሱን መስክ ለማረስ ፈቃድ ሲጠብቅ መኖሩ ነው።

ሦስተኛው እግር የገንዘብ ነው። «ጭራቅ መሥራት ሚሊዮን ይጠይቃል» ይባላል። የዘርፉ ታሪክ ግን በተቃራኒው ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1942 በአነስተኛ በጀት የተሠራው «ካት ፒፕል» ዝነኛ በሆነው የመዋኛ ትዕይንቱ አውሬውን ፊት ለፊት አያወጣውም፤ በግድግዳ ላይ ጥላ፣ በጨለማ ውስጥ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይሠራዋል። በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ ከሆሊውድ ርቆ በፔንሲልቫንያ ገጠር፣ በአንድ አሮጌ ቤትና በጥቂት ሰዎች «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን ሠራ፤ ጥቁሩ ዱዌን ጆንስ የተጫወተው ጀግና ከሙታን ሌሊት ተርፎ ሲነጋ በሕያዋን ጥይት ይወድቃል፤ የአሜሪካ ተመልካችም ጭራቁ የማን ወገን እንደሆነ ሊጠይቅ ተገደደ። ጎጂራ ራሱ ከባድ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር። ያ ዓለምን ያስደነገጠ ጩኸቱም የተገኘው አቀናባሪው አኪራ ኢፉኩቤ ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት በኮንትራባስ ክር ላይ እያሻሸ እንዲቀዳ በማድረግ ነው። መሰንቆ ያለበት አገር ለጭራቁ ድምፅ አጣሁ ብሎ ሊያለቅስ አይገባም። የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ የጎደለው ነገሩን በቁም ነገር የመያዝ ድፍረት ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ሥራው ከየት ይጀመር ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በጉደርና በአዲስ ዓለም ያሉ የትምህርት ቤት የተውኔት ክበባት የቡልጉንና የጭራቁን ተረት ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አንደበት በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ተራኪው በተናገረበት ቋንቋ፣ ሊያሰባስቡ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተርና ትዕግሥት ነው፤ ዛሬ ደግሞ በብዙ ተማሪ ኪስ ውስጥ ድምፅ መቅጃና ካሜራ አለ። የባህል ቢሮዎች ለበዓል ጭፈራ ከሚመድቡት በጀት ትንሽ ቀንሰው ለአንድ አጭር ፊልም ቢሰጡ አይደኸዩም። ገምጋሚዎችም «ያስፈራል ወይስ አያስፈራም?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «የሚያስፈራው ማንን ነው? ችቦውስ ወደ ማን ደጃፍ ይጠቁማል?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል። በዚህ መመዘኛ ብዙ ፊልም ሊወድቅ ይችላል፤ የሚወድቀው ግን በፍርሃቱ ሳይሆን በውሸቱ ይሆናል።

የሚሠራው ታሪክም የጠፋ አይደለም። በጥንቱ ተረት ጫካው የጭራቁ ቤት ነበር፤ ሕፃኑ ወደ ጫካው እንዳይገባ ይነገረው ነበር። ዛሬ ተረቱ ተገልብጧል፤ የሚበላው ራሱ ጫካው ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ተቃውሞ ሲያነሡ ከምክንያቶቹ አንዱ የጭልሞ ደን ጉዳይ እንደ ነበር በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። ዝግባው ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ የማን ጥርስ ነው? ምንጩ ሲደርቅ ውኃውን የጠጣው ማን ነው? እንደ ሄኖክ ግዙፋን አስቀድሞ የሰውን ድካም፣ ቀጥሎ ሰውን የሚበላው ማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ፊልም ከሆሊውድ አይመጣም፤ ከቶኪዮም አይመጣም። ጭልሞን ከሚያውቅ ሰው ካልመጣ ከየትም አይመጣም፤ ደኑ ካለቀ በኋላ ቢመጣ ደግሞ ተረት ሆኖ ይቀራል።